ምዕራፍ 7፦ ጳጉሜን 7ን የማይቀበል ኮድ

በአንድ መሥሪያ ቤት የመመዝገቢያ ቅጽ በኮምፒውተር ተሠርቷል እንበል። ዕለት፣ ወርና ዓመት የሚሞሉባቸው ሦስት ሳጥኖች አሉት። መዝጋቢዋ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.ን ልታስገባ 30፣ 2፣ 2017 ብላ ሞላች፤ ቅጹ «ትክክለኛ ቀን አይደለም» ብሎ መለሰባት። ጳጉሜን 3ን ሞከረች፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም አላት። እጇ ስቶ መስከረም 31 ብትጽፍ ግን ያለ አንዳች ጥያቄ ይቀበላታል። ያለውን ቀን ይመልሳል፣ የሌለውን ያስገባል።

ቅጹ አልተበላሸም። ከጀርባው ያለው የቀን ክላስ ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ወር 30 ቀን እንደሌለው፣ አንደኛው 31 እንዳለው ያውቃል፤ በሚያውቀው ሕግም ይፈርዳል። ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ጥፋቱ ሕጉ ለእኛ ዘመን አቆጣጠር አለመሆኑ ነው። በዚህ ምዕራፍ የራሳችንን ሕግ የሚያውቅ ክላስ እንጽፋለን።

የፕሮግራሚንግ መማሪያዎች ክላስን ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ ከውሻና ከድመት ይጀምራሉ፤ ውሻ እንስሳ ነው፣ ይጮኻል፣ ስም አለው። ይህን መንገድ አልወደውም። የሚጮህ ውሻ በኮድ ጽፎ የተጠቀመ ሰው የለም፤ ተማሪውም ክላስ ለምን እንዳስፈለገ ሳይገባው አጻጻፉን ብቻ ሸምድዶ ይወጣል። ክላስ የሚያስፈልገው የዓለምን ነገሮች በየዓይነታቸው ለመደርደር አይደለም። አንድ ላይ መሄድ ያለባቸው መረጃዎች ሲኖሩና እነዚህን መረጃዎች የሚገዛ፣ ማንም ሊያልፈው የማይገባ ሕግ ሲኖር ነው። ቀን ሁለቱንም ያሟላል።

እስካሁን በተማርነው ብቻ ቀንን እንያዝ ብንል እንዲህ እንጽፋለን፦

ዓመት = 2015
ወር = 13
ዕለት = 6

ለአንድ ቀን ይበቃል። አንዲት ተማሪ የተወለደችበት፣ የተመዘገበችበትና የከፈለችበት ቀን ሲመጣ ግን ቫሪያብሎቹ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ የትኛው ዕለት ከየትኛው ወር ጋር እንደሚሄድ የሚያውቀውም የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ይህ ገና ቀላሉ ነው። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን፣ በቀሩት በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ ዘመናት ደግሞ አምስት ቀን እንዳላት ማን ያረጋግጥ? የሚያረጋግጥ ፋንክሽን መጻፍ ይቻላል፤ ፋንክሽን ግን ካልጠሩት አይመጣም። ብዙ እጅ በሚነካው ፕሮግራም ውስጥ አንዱ ሳይጠራው ያልፋል፤ ጳጉሜን 7 መዝገብ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፤ የምትታወቀውም ከወራት በኋላ ሌላ ስሌት ሲፋለስ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ኮድ በፓይተን ነው። «ክላስ»፣ «ዴፍ»፣ «ኢፍ»፣ «ሪተርን» የመሳሰሉትን የቋንቋውን ቁልፍ ቃላትና «__ኢኒት__»፣ «ቫልዩኤረር»፣ «ፕሪንት» የመሳሰሉትን የቋንቋውን የራሱን ስሞች ለንባብ እንዲመች በፊደላችን አስፍሬአቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፉ በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው። እኛ ያወጣናቸው ስሞች፣ ማለትም ቀን፣ ዓመት፣ ወር፣ ዕለት እና ሌሎቹ፣ በአማርኛ እንደተጻፉ ቢገቡ ይሠራሉ። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከሦስተኛው ዕትሙ ጀምሮ የግዕዝ ፊደልን በስምነት ይቀበላል።

ክላስ ቀን:
    ወሮች = ["መስከረም", "ጥቅምት", "ኅዳር", "ታኅሣሥ", "ጥር", "የካቲት", "መጋቢት", "ሚያዝያ", "ግንቦት", "ሰኔ", "ሐምሌ", "ነሐሴ", "ጳጉሜን"]

    ዴፍ __ኢኒት__(ራሱ, ዓመት, ወር, ዕለት):
        ኢፍ ወር < 1 ኦር ወር > 13:
            ሬይዝ ቫልዩኤረር("እንዲህ ያለ ወር የለም")
        ራሱ.ዓመት = ዓመት
        ራሱ.ወር = ወር
        ኢፍ ዕለት < 1 ኦር ዕለት > ራሱ.የወሩ_ርዝመት():
            ሬይዝ ቫልዩኤረር("በዚህ ወር እንዲህ ያለ ዕለት የለም")
        ራሱ.ዕለት = ዕለት

    ዴፍ የወሩ_ርዝመት(ራሱ):
        ኢፍ ራሱ.ወር < 13:
            ሪተርን 30
        ኢፍ ራሱ.ዓመት % 4 == 3:
            ሪተርን 6
        ሪተርን 5

    ዴፍ ነገ(ራሱ):
        ኢፍ ራሱ.ዕለት < ራሱ.የወሩ_ርዝመት():
            ሪተርን ቀን(ራሱ.ዓመት, ራሱ.ወር, ራሱ.ዕለት + 1)
        ኢፍ ራሱ.ወር < 13:
            ሪተርን ቀን(ራሱ.ዓመት, ራሱ.ወር + 1, 1)
        ሪተርን ቀን(ራሱ.ዓመት + 1, 1, 1)

ይህ ሁሉ ክላሱ ነው። እስካሁን አንድም ቀን አልተፈጠረም። ኦብጀክት የሚፈጠረው ክላሱን በስሙ ስንጠራውና የሚፈልገውን ስንሰጠው ነው፦

ልደት = ቀን(2015, 13, 6)
ምዝገባ = ቀን(2017, 2, 30)

አሁን ሁለት ኦብጀክቶች አሉን። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዓመት፣ ወርና ዕለት ይዘዋል፤ ሕጉን ግን ሁለቱም ከአንድ ቦታ ያገኙታል። ክላስ ከኦብጀክት ያለውን ግንኙነት ለማስረዳት መጻሕፍት የቤት ፕላንንና ከፕላኑ የሚሠሩትን ቤቶች ይጠቅሳሉ። ምሳሌው መጥፎ አይደለም፤ ከአንድ ፕላን ብዙ ቤት እንደሚሠራ ሁሉ ከአንድ ክላስም ብዙ ኦብጀክት ይወጣል። ግን የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ቤቱ ካለቀ በኋላ ፕላኑ ቢቀደድ ቤቱ አይፈርስም። ክላስ እንዲያ አይደለም። ልደት.ነገ() ብለን በጠየቅን ቁጥር ፓይተን ወደ ክላሱ ሄዶ «ነገ» እንዴት እንደሚሰላ ያነባል። ክላሱ ኦብጀክቶቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሥራ ላይ ነው።

«__ኢኒት__» ኮንስትራክተር ይባላል፤ አንድ ኦብጀክት በሚፈጠርበት ቅጽበት ራሱ ይሠራል እንጂ ማንም እስኪጠራው አይጠብቅም። ፋንክሽኑን መጥራት ረሳሁ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ቀን(2016, 13, 6) ብለው ቢሞክሩ 2016 ለአራት ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ነው፤ ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ አላት። ኮንስትራክተሩ ስሕተት ያስነሣል፤ ኦብጀክቱም ለማንም አይደርስም። ቀን(2015, 13, 6) ግን ያልፋል፤ 2015ን ለአራት ብናካፍል ሦስት ይተርፋል፣ ዘመኑም ሉቃስ ነው። የመስመሮቹን ቅደም ተከተልም ልብ ይበሉ። ዓመቱና ወሩ መጀመሪያ ራሱ ላይ የሚቀመጡት የዕለቱ ፍተሻ የወሩን ርዝመት ስለሚጠይቅ፣ የወሩ ርዝመት ደግሞ ያለ ዓመትና ያለ ወር ስለማይታወቅ ነው።

«ራሱ» ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ቃል ነው። ብዙ የፓይተን ፕሮግራመሮች «ሰልፍ» ብለው ይጽፉታል፤ ልማድ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ በአማርኛ ሰይሜዋለሁ። ሚስጥሩ ይህ ነው፦ ልደት.የወሩ_ርዝመት() ብለን ስንጽፍ ፓይተን በውስጡ ቀን.የወሩ_ርዝመት(ልደት) ብሎ ይተረጉመዋል። ከነጥቡ በፊት ያለው ኦብጀክት ወደ ቅንፉ ገብቶ «ራሱ» የሚለውን ቦታ ይይዛል። ምዝገባ.የወሩ_ርዝመት() ሲባል ደግሞ ቦታውን የሚይዘው ምዝገባ ነው። ሜተድ ማለት የመጀመሪያ ግብዓቱን ከነጥቡ ግራ የሚቀበል ፋንክሽን ነው ቢባል ብዙም አይርቅም።

«ወሮች» ከሜተዶቹ ውጭ፣ ክላሱ ላይ በቀጥታ መቀመጡም በምክንያት ነው። የወሮች ስም ከቀን ወደ ቀን አይለወጥም፤ አንድ ሺህ ኦብጀክት ቢፈጠር ዝርዝሩ አንድ ብቻ ነው፣ ሁሉም ይጋሩታል። ለእያንዳንዱ የሚለያየው በ«ራሱ» በኩል ይቀመጣል።

በአማርኛ ስም ኮድ ለሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ የተደበቀ ጉድጓድ አለ። ለእኛ «ዓመት» እና «አመት» አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፕሪንት(ልደት.አመት) ብለው ቢጠይቁ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ይቆማል፤ ይህ መልካም ስሕተት ነው፣ ወዲያው ይታያል። ልደት.አመት = 2016 ብለው ቢያስቀምጡ ግን ዝም ብሎ አዲስ አትሪቢዩት (ኦብጀክቱ ላይ በስም የሚቀመጥ መረጃ) ይፈጥርና ያልፋል። ኦብጀክቱ «ዓመት» እና «አመት» የሚባሉ ሁለት ነገሮች ይዞ ይቀራል፤ እርስዎም ለወጥኩት ያሉት ዓመት ለምን እንዳልተለወጠ ሲፈልጉ ያመሻሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይም እንዲሁ ነው። አንዱን መርጦ በእሱ መጽናት ነው። በላቲኑ ነጠላ ሰረዝ (,) ፈንታ የእኛን (፣) ማስገባትም ኮዱን ያስቆመዋል፤ ይህኛው ግን ቢያንስ ጮኾ ይናገራል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ኮንስትራክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላስ? ልደት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነው። አንድ ሰው ይህን ቢጽፍስ፦

ልደት.ዓመት = 2016

2016 ትክክለኛ ዓመት ነው። 13 ትክክለኛ ወር ነው። 6ም ዕለት መሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የሌለ ቀን ናቸው፤ ፓይተንም ሳይናገር ይቀበላቸዋል። ከኮንስትራክተሩ ጋር የደከምንበት ሁሉ በአንድ መስመር ፈረሰ።

ከዚህም የባሰ አለ። የሚከተለውን እንመልከት፦

የውል_ቀን = ቀን(2017, 1, 1)
የክፍያ_ቀን = የውል_ቀን
የክፍያ_ቀን.ወር = 2
ፕሪንት(የውል_ቀን.ወር)

ብዙ ጀማሪ 1 ይታተማል ይላል። የሚታተመው 2 ነው። ሁለተኛው መስመር ቀኑን አልቀዳውም፤ ለዚያው ለአንዱ ኦብጀክት ሁለተኛ ስም ሰጠው እንጂ። በአንዱ ስም የገባው ለውጥ በሌላውም ስም ይታያል። ክፍያውን ወደ ጥቅምት እናሸጋግር ብሎ የጻፈው ሰው ሳያውቀው ውሉን አብሮ አሸጋገረው።

ይህ የጀማሪዎች ችግር ብቻ እንዳይመስል የሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ የጃቫን፣ ታሪክ ላንሣ። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1996 በመጀመሪያ ዕትሙ ሲወጣ «ዴት» የሚባል ክላስ ይዞ ነበር። ዓመትን ከ1900 ጀምሮ ስለሚቆጥር 1996ን 96 ይለዋል። ወርን ከዜሮ ይጀምራል፣ ዕለትን ግን ከአንድ። ጃቫስክሪፕት ይህን ክላስ ወርሶት ዛሬም ወርን ከዜሮ ይቆጥራል። ከሁሉ የከፋው ግን የጃቫ «ዴት» ከተፈጠረ በኋላ ሊለወጥ መቻሉ ነበር፤ ከላይ ያየነው የውልና የክፍያ ጣጣ ሙሉ በሙሉ ይመለከተዋል። በዓመቱ፣ በ1997፣ አብዛኞቹ ሜተዶቹ «ከእንግዲህ አትጠቀሙባቸው» የሚል ምልክት ተለጠፈባቸው። ቋንቋው በራሱ ውስጥ የማይለወጡ የቀን ክላሶች ያገኘው ግን በ2014፣ በጃቫ 8 ነው። መንገዱን የጠረገለት ጆዳ-ታይም የሚባል ላይብረሪ ነበር፤ ከሚያውቃቸው አቆጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያው ይገኝበታል።

ጃቫ የተማረው ትምህርት ለእኛም ይሠራል፦ ቀን አይለወጥ። መስከረም 1 ወደ መስከረም 2 አይለወጥም፤ መስከረም 2 ሌላ ቀን ነው። «ነገ» የሚለውን ሜተድ መለስ ብለው ይዩት፤ ራሱን አይነካም፣ አዲስ ኦብጀክት ፈጥሮ ይመልሳል። አዲሱም ኦብጀክት እንደ ሁሉም በኮንስትራክተሩ ያልፋል፣ ስለዚህ ሕጉ እንደገና ይፈተሻል። የቀረው ከውጭ የሚመጣውን እጅ መከልከል ነው። ጃቫ «ፕራይቬት» በሚል ቃል አጥብቆ ይዘጋል። ፓይተን ጨዋነትን ያምናል፤ ስሙ በስር ሰረዝ ከጀመረ «የውስጥ ጉዳይ ነው፣ አትንኩ» ማለት ነው፣ የሚያስገድድ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከፓይተን 3.7 ጀምሮ «ዳታክላስ» በሚባለው መንገድ ኦብጀክቱን ከተፈጠረ በኋላ የሚያረጋ ምርጫ አለ፤ ለቀን ዓይነት ነገር እሱን እመርጣለሁ።

ክላስ የሚባለው ሐሳብ ራሱ ከየት መጣ? ከኦስሎ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን በኖርዌይ ኮምፒውቲንግ ማዕከል ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ሠሩ። ዓላማቸው ወረፋን፣ ፋብሪካን፣ መጓጓዣን በኮምፒውተር ማስመሰል ነበር። እንዲህ ባለው ሥራ አንድ ፕሮግራም ብዙ ተመሳሳይ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ እያንዳንዱ የራሱ ሁኔታ አለው፣ ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት ሕግ ይንቀሳቀሳሉ። በ1967 የወጣው ሲሙላ 67 ክላስን፣ ኦብጀክትንና አንዱ ክላስ ከሌላው የሚወርስበትን መንገድ ይዞ መጣ። ዴንማርካዊው ቢያርነ ስትሮስትሩፕ በካምብሪጅ ሲማር ሲሙላን ተጠቅሞበት ነበር፤ በ1979 በቤል ላብስ ክላስን ወደ ሲ ቋንቋ ማስገባት ጀመረ፤ ውጤቱ ሲ ፕላስ ፕላስ ሆነ። ዳልና ኒጎርድ የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት አገኙ፤ ሁለቱም በ2002 አረፉ። ስለ ውርስ በሌላ ምዕራፍ እንመለስበታለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጀማሪ ከሚነገረው ባነሰ መጠን ቢጠቀምበት ይሻለዋል።

በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ስሞልቶክ የተባለውን ቋንቋ ያመነጨው አሜሪካዊው አለን ኬይ ደግሞ ሌላ ነገር ያጎላ ነበር። ለእሱ ዋናው ነገር ኦብጀክቶቹ ሳይሆኑ እርስ በርስ የሚላላኩት መልእክት ነው። ኦብጀክትን ከውጭ ሆነው ይጠይቁታል፤ በውስጡ መልሱን እንዴት እንደሚያገኘው የራሱ ጉዳይ ነው። ይህ ረቂቅ ይመስላል፤ በእኛው ክላስ ላይ ግን በግልጽ ይታያል። አንድ ሜተድ እንጨምር፦

    ዴፍ ቁጥር(ራሱ):
        ሪተርን 365 * (ራሱ.ዓመት - 1) + ራሱ.ዓመት // 4 + 30 * (ራሱ.ወር - 1) + ራሱ.ዕለት

ይህ ከመስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. አንሥቶ ስንተኛ ቀን ላይ እንዳለን ይነግረናል። ለአራት ማካፈሉ ያለፉትን የሉቃስ ዘመናት ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ሉቃስ አንድ ተጨማሪ ቀን አምጥቷል። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ ለማወቅ መቀናነስ ብቻ ሆነ። ከመስከረም 1 ቀን 2015 እስከ መስከረም 1 ቀን 2016 ብንቀንስ 366 ይመጣል፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ መስከረም 1 ደግሞ 365።

በዚሁ ሌላ ክፍተት እንዝጋ። ቀን(2017, 1, 1) == ቀን(2017, 1, 1) ብለው ቢጠይቁ ፓይተን «ፎልስ» ይላል። ካልተነገረው በስተቀር የሚያነጻጽረው ይዘታቸውን ሳይሆን አንድ ኦብጀክት መሆናቸውን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ይህ ትክክል ነው፤ ስማቸውና የልደት ቀናቸው አንድ የሆነ ሁለት ተማሪዎች ሁለት ሰዎች ናቸው። ለቀን ግን አይሆንም፦

    ዴፍ __ኢኪው__(ራሱ, ሌላ):
        ሪተርን ራሱ.ቁጥር() == ሌላ.ቁጥር()

ከዚህ በኋላ ድፍረት ይቻላል። ሦስቱን ቁጥሮች ጨርሶ ትተን ኦብጀክቱ በውስጡ ይህን አንድ ቁጥር ብቻ ይያዝ ብንልስ? የጃቫ «ዴት» በውስጡ የሚይዘው ይህንኑ የመሰለ አንድ ቁጥር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሚሊሰከንዶች። «ነገ» አንድ መደመር ብቻ ይሆናል፤ ዓመት፣ ወርና ዕለት ሲጠየቁ ከቁጥሩ ይሰላሉ። ከውጭ ሆነው ነገ() እያሉ የሚጠይቁት ሌሎች የፕሮግራሙ ክፍሎች ምንም አያውቁም፤ አንድ መስመር እንኳ መለወጥ አይኖርባቸውም። ሦስቱን ቁጥሮች በየሜዳው በትነን ቢሆን ኖሮ ይህን ለውጥ ለማድረግ ኮዱን ሁሉ መበርበር ነበረብን።

ለልምምድ ይህን ይጨምሩ፦

    ዴፍ የሳምንቱ_ቀን(ራሱ):
        ስሞች = ["ማክሰኞ", "ረቡዕ", "ሐሙስ", "ዓርብ", "ቅዳሜ", "እሑድ", "ሰኞ"]
        ሪተርን ስሞች[ራሱ.ቁጥር() % 7]

ዝርዝሩ ከማክሰኞ የጀመረው የመስከረም 1 ቀን 2016 ቁጥር፣ 735980፣ ለሰባት ያለ ቀሪ ስለሚካፈልና ዕለቱ ማክሰኞ ስለነበረ ነው። ቀን(2017, 1, 1).የሳምንቱ_ቀን() ረቡዕ ካላለ «ቁጥር» የሚለው ሜተድ ውስጥ አንድ ምልክት ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ማካፈያውን ይመልከቱ፣ ሁለት እዝባር (//) እንጂ አንድ (/) መሆን የለበትም።